ዘንበል ቀና

ሰኞ፣ 4

የቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ዛሬ ሱቄ መጣ። መነጽር ሊያሠራ መስሎኝ ወንበር ሰጠሁት። ዓይኑ ከእኔ ይሻላል። የመጣው ስለ እማዬ ነው። እማዬ ካረፈች አሥር ወር ሆኗታል፤ የታደሰውን የልምምድ አዳራሽ በስሟ ሊሰይሙት ወስነዋል። ምረቃው በሚመጣው ወር አሥራ አራት፣ ቅዳሜ ማታ ነው።

«ሃያ ስድስት ዓመት የዘፈነችበት፣ የተወዛወዘችበት ቤት ነው። ቢዘገይ እንጂ አይበዛባትም» አለኝ።

ከቤተሰብ አንድ ሰው ስለ ሕይወቷ አሥር ደቂቃ ያህል እንዲናገር ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ታላቅ ወንድሜን ጠይቀውት ነበር። «እኔ የማውቀው ቧንቧ ነው። እህቴ ፊደል ትወዳለች» ብሎ ወደ እኔ መራቸው። ደግ ወንድም!

እሺ አልኩ። ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው ያሰብኩበት። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና፣ «‹ዘንበል ቀና› የሚባለውን ዳንሷንም ወጣቶቹ ሊሠሩት ነው። እኔ ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፣ አላየሁትም፤ ያዩት ግን እስከ ዛሬ ያወሩለታል። አንቺ ታስታውሽዋለሽ?» አለኝ።

ብዙም አላስታውሰውም አልኩት።

ረቡዕ፣ 6

ስምንት ሌንስ ሞረድኩ። አንድ ፍሬም ሰበርኩ፣ የራሴ ጥፋት። ከንግግሩ አንድ መስመር የለም። «እናቴ» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። «እናታችን» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት።

እሑድ፣ 10

ልጄ ጓደኛዋ ቤት ልታጠና ሄዳለች። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ሰበብ የለኝም።

እማዬ ቴአትር ቤቱ የገባችው በመርፌ ነው። በሃያ ዓመቷ የአልባሳት ክፍል ሰፊ ሆና ተቀጠረች። ስትሰፋ ትዘፍናለች፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ኦርኬስትራው ይለማመዳል። አንድ ቀን የሙዚቃ ኃላፊው በሩን በርግዶ ገባና፣ «ማናት ዜማዬን የምታበላሽብኝ?» ብሎ ጮኸ። «ኧረ እኔስ ያቃናሁት መስሎኝ ነው» አለችው። ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ነግራናለች። በነገረችን ቁጥር የኃላፊው ቁጣ ይብሳል፣ የእሷም መልስ ይረዝማል። የሆነው ሆኖ በሃያ አራት ዓመቷ መድረክ ላይ ቆመች። ድምጿ ወፈር ያለ፣ ከታች የሚነሣ ነበር። ስትዞር ግን እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። «እንዝርት» የሚል ስም ያወጡላት ለዚህ ነው።

ያኔ ወንድሜ ሁለት ዓመቱ ነበር። አባታችን የማታ ፈረቃ ሲገባ የሚጠብቅላት ሰው ስላልነበራት ከመድረኩ ጀርባ በልብስ ቅርጫት ውስጥ አስተኝታው ትወጣለች። አንድ ማታ ነቃና እየተውተረተረ መሀል መድረክ ደረሰ። ዘፈኑን ሳታቋርጥ ብድግ አድርጋ ወገቧ ላይ አስቀመጠችውና እስከ መጨረሻው ዘፈነች። ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት በጭብጨባ አዳራሹን አናጋው። በማግስቱ «ሕፃኑስ የት አለ?» ብለው የጠየቁ ነበሩ ይባላል።

አባታችን ሲሞት እኔ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲያ እናትም አባትም እሷው ሆነች። ጠዋት ልምምድ፣ ማታ መድረክ፤ በመሀል ምሳችንን ልታበላን ግማሽ ፊቷን ተኳኩላ ትመጣለች። ጎረቤታችን በመስኮት ያዩዋትና፣ «ዛሬ የመጣችው ግማሿ ንግሥት ናት» ይላሉ። እሷም ያልተኳኳለውን ጉንጯን ታዞርላቸዋለች።

አራት ገጽ ሆነ። ውዝዋዜዋ ላይ ገና አልደረስኩም። እደርሳለሁ።

ማክሰኞ፣ 12

ሁለት ሴቶች ፍሬም እየመረጡ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሌንስ እየሞረድኩ ነው፤ ማሽኑ ሲቆምም የማይሰማኝ ይመስላቸዋል።

«የእንዝርት ልጅ እኮ ናት።»

«በሞቴ! ታዲያ እንደ እናቷ ያልዘፈነች፣ ያልደነሰች?»

«እግሯን አላየሽም እንዴ? እግዜር ሲሰጥ ሁሉን ላንድ ሰው ይሰጣል።»

እግሬን ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ። ቀኝ ዳሌዬ ከቦታው ወጥቶ ነው የተወለድኩት። በአምስት ዓመቴ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፤ ስሄድ ግን እስከ ዛሬ በቀኝ በኩል ዘንበል እላለሁ። ለሁለቱም ሴቶች የሚያምርባቸውን ፍሬም መረጥኩላቸው። ለተናገረችው ትንሽ የተሻለውን። ምን ላድርግ፣ ፊቷ ክብ ነው።

ሐሙስ፣ 14

አኮርዲዮን ተጫዋቹ ሽማግሌ መጡ። ከእማዬ ጋር ሃያ ዓመት የሠሩ ናቸው። ለምረቃው ከጡረታ ጠርተዋቸዋል።

«የመጨረሻውን መስመር ያንብቡልኝ አባባ» አልኳቸው።

«እዚያ ላይ መስመር አለ?»

ዓይናቸው በጣም ደክሟል። ኖታ ሊሰጡኝ ነው አሉ። «በሕይወቴ ኖታ አንብቤ አላውቅም፤ በጆሮዬ ነው የኖርኩት። ግን ወጣቶቹ ፊት የማነብ መምሰል አለብኝ። ተገልብጦ እንዳልይዘው ነው የፈራሁት።» ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ ‹ዘንበል ቀና› አነሡ።

«ዜማው የኔ ነው። ምቱ ግን የእናትሽ ነው፣ ልጄ። አንድ ጠዋት መጣችና ወለሉን በእግሯ መታች፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። ‹እንዲህ ያለ ምት የለም› አልኳት። ‹አለ እንጂ። እኛ ቤት ኮሪደር ላይ በየጠዋቱ አለ› አለችኝ። ስንቱ ሊያስመስላት ሞከረ! ሁሉም አነከሱ። እሷ ግን ስትራመድ…»

ሥራ እንዳለብኝ ነገርኳቸው። ገባቸው መሰለኝ፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

የቀኛቸውን ሌንስ ለግራ ሞርጄዋለሁ። ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ተሳስቼ አላውቅም። ነገ እንደገና።

ቅዳሜ፣ 16

ደንበኛ ስላልነበረ ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ቤት ስደርስ ልጄ ኮሪደሩ ላይ ናት። ጫማዋን አውልቃ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ከንፈሯ ይቆጥራል፤ «አንድ… ሁለትና። አንድ… ሁለትና።» አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ምንም።»

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

ክንዷን አወረደች። ከዚያ «አያቴ» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንቺ ሱቅ ስትሆኚ። ሦስት ዓመት።»

ሦስት ዓመት! በገዛ ቤቴ!

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹እናትሽ ራሷ እስክትጠይቅሽ ከዚህ ኮሪደር አይወጣም› ብላኝ ነበር። አንቺ ደግሞ አልጠየቅሽም።»

የቴአትር ቤቱ ወጣቶች ከእነሱ ጋር እንድትደንስ ጠይቀዋታል። ፈተና አለብሽ፣ አይሆንም አልኳት። «ፈተናው እኮ ከምረቃው ሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ እማ» አለች። «አልኩ አልኩ ነው።» «እሺ» ብላ መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ 18

ሥራ አስኪያጁ ደውሎ አዳራሹን መጥተሽ እዪው አለኝ። አልችልም አልኩት። ቴአትር ቤቱ አቧራ አለው፣ ለደረቴ አይስማማም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ያልረገጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህንኑ ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። «አንቺ እኮ ቀኑን ሙሉ ሌንስ ስትሞርጂ አቧራ ስትቅሚ ነው የምትውዪው» አለኝ።

ሐሙስ፣ 21

የሽማግሌው መነጽር ደረሰ። አድርገውት መስታወት አዩና፣ «ይሄ ሽማግሌ ማነው?» አሉኝ። ስለ ዳንሱ አላነሡም። እኔም አላነሣሁም።

ልጄ ታጠናለች። ከመጠን በላይ ታጠናለች። ጨው አቀብዪኝ ስላት ታቀብለኛለች፣ ሌላ ወሬ የለም።

እሑድ፣ 24

እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

ከቀዶ ጥገናው በኋላ መራመድ የተማርኩት ኮሪደራችን ላይ ነው። በየጠዋቱ፣ እማዬ ልምምድ ከመሄዷ በፊት። ሁለት እጄን ይዛ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ እኔ ወደ ፊት። ሲያመኝ ቆም ብላ ትጠብቀኛለች። ሳለቅስ ትዘፍንልኛለች።

ዘንበል በይ፣ ቀና በይ፣
መንገዱ የትም አይሄድ፣ አትቸኩዪ።

የኔ ዘፈን ነበር። በዓለም ላይ ከእኔና ከእሷ ሌላ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ «ዛሬ ላንቺ አንድ ነገር አለኝ» ብላ እኔንና ወንድሜን ቴአትር ቤት ወሰደችን፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠችን። መጋረጃው ተከፈተ። እማዬ ብቻዋን ወጣችና ተራመደች። በኔ አረማመድ። በኔ እግር። ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። እኔ የሰማሁት ሳቁን ብቻ ነው። ተነሥቼ ወጣሁና ትኬት መሸጫው አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሲጨርሱ ራሴን አሞኛል አልኩ። እሷም ግንባሬን ዳሰሰች።

በሳምንቱ ትምህርት ቤት «ዘንበል ቀና መጣች!» ማለት ጀመሩ።

ይኸው፣ ጻፍኩት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእሷም። መድረክ ስትሰናበት ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፈተና አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ፈተናው በማግስቱ አልነበረም፤ በሳምንቱ ነበር።

ይህን ያነበበ ሰው የተከፋ ልጅነት የነበረኝ ይመስለዋል። ኧረ በጭራሽ! በደስታ ነው ያደግኩት። የቀኝ ጫማዬን ሶል የቴአትር ቤቱ ጫማ ሠሪ ወፈር አድርጎ ይሠራልኛል፤ ጠርዙን ማንም እንዳያውቀው እሷ ራሷ ትቀባዋለች። አንድም ቀን «ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ» ብላኝ አታውቅም። ስወድቅ «ተነሺ፣ ሁለተኛው ዙር ይሻላል» ትለኝ ነበር። የልጄን አባት ስፈታ ሻንጣዋን ይዛ መጣችና፣ «ለሁለት ሳምንት ነው» ብላ አሥራ አንድ ዓመት አብራን ኖረች። ያሳቀችኝን ያህል ማንም አላሳቀኝም።

ታዲያ ለምን አልጠየቅኳትም? አሥራ አንድ ዓመት እኮ በአንድ ገበታ በልተናል!

ሰኞ፣ 25

የትላንቱን አነበብኩት። መቅደድ አሰኝቶኝ ነበር። ደንበኛ ገባ።

ሐሙስ፣ 28

የማድ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ወር ሆኖታል። ወንድሜ ዛሬ መጣና ከነትከሻው እቃ ማጠቢያው ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሰው ፊቱ ካልታየው ደፋር ይሆናል መሰለኝ፤ እኔ ነኝ የጀመርኩት።

«ወንድምጋሼ፣ ያን ዳንስ እማዬ ስንት ዓመት ሠራችው?»

«‹ዘንበል ቀና›ን? ሦስት ሳምንት።»

«ሦስት ሳምንት ብቻ?»

«ባዶ ወንበርሽን ከመድረክ ላይ አይታዋለች። የራስ ምታት አላመነችም። ከዚያ ትምህርት ቤት ምን እንደሚሉሽ እኔ ነገርኳት። በዚያው ሳምንት አልሠራም አለች። ትኬት አልቋል ቢሏት፣ ቢለምኗት፣ ቢቆጧት፣ ወይ ፍንክች! ጓደኞቿ ለትርኢት ባሕር ማዶ ሲሄዱ እሷን አስቀርተው፣ ከኋላ ከአጃቢዎቹ ጋር አቆሟት። ሁለት ዓመት።»

እነዚያን ሁለት ዓመታት አስታውሳቸዋለሁ። ማታ ማታ ቤት ትገባ ጀመር። «ሥራ ቀለል አለልኝ» ትል ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ለምን አልነገረችኝም?»

ብረቱን ሁለቴ መታ መታ አደረገው። «‹ይቅርታ ብላት፣ ለካ እውነትም ስታሾፍብኝ ነበር ትላለች። ስታድግ ራሷ ትጠይቀኛለች› ትል ነበር። ጠበቀችሽ።»

«እኔም እኮ እሷን እየጠበቅኩ ነበር!»

«ሁለታችሁም ግትሮች ናችሁ። የቧንቧ ቁልፉን አቀብዪኝ።»

አቀበልኩት። እዚያው ሥር እንዳለ፣ «አስምላኝ ነበር፣ እስክትጠይቅ አትንገራት ብላ» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «መጀመሪያ ቀን የተራመድሽ ለት ኮሪደሩ ላይ እኔም ነበርኩ። እማዬ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አጨበጨበች። ‹ያን ቀን ያየሁትን ነገር ሰው ሁሉ እንዲያየው ፈልጌ ነው› ነበር የምትለው» አለ።

ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ዝገት ገብቶብኝ ነው አለ። እኛ ቤት ሁሉም ሰው አቧራ አያጣም።

እሑድ፣ 1

ቁርስ ላይ ልጄን «ለምን ቴአትር ቤት አትለማመጂም?» አልኳት።

«ፈተና አለብኝ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አያትሽ እኮ እናትሽ እስክትጠይቅሽ ነው ያለችው። ይኸው ጠየቅኩሽ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ፊቷ ቀስ እያለ ፈካ። አገጯ ሲንቀጠቀጥ የእማዬን መሰለ። ከዚያ እየጮኸች ዘለለችና ሻዩን ሙሉ ገበታው ላይ ደፋችው። ስጠርግ ሳቄ አላስቀጥል አለኝ።

ረቡዕ፣ 4

ንግግሩ ዘጠኝ ገጽ። በጣም ረዘመ። ስለ ዳንሱ አሁንም ሁለት መስመር ብቻ። ሥራ በዝቷል።

ዓርብ፣ 6

ልጄ ከልምምድ ተክዛ ነው የመጣችው። «ምን ሆንሽ?» «አልሆነልንም፣ እማ። የአኮርዲዮኑ አባባ በየደቂቃው ያስቆሙናል።»

ማክሰኞ፣ 10

ዛሬ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ በጎን በር። አቧራ የለውም። አዲስ ቀለምና የእንጨት ወለል ነው የሚሸተው።

ጥግ ላይ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ሰባት ናቸው፣ ከልጄ ጋር። አኮርዲዮኑ ጀመረ፣ ሰባቱም ተነሡ፣ ሰባቱም አነከሱ። ልጄ ከሁሉም ትሻላለች፤ ግን እሷም ከሌሎቹ ጋር ስትሆን እንደነሱ ሆነች። ሽማግሌው አቋረጡ።

«አይደለም! ይሄ እኮ እግሩን የታመመ ሰው ነው!»

የወጣቶቹ አሠልጣኝ ትዕግሥቷ አልቋል። «አባባ፣ ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ተነሥተው ያሳዩን እንግዲህ።»

«እኔ ተቀምጬ ነው ያየሁት!»

ሁሉም ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም። ወደ እኔ አየችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች።  ተነሺ ብትለኝ ኖሮ እምቢ የምላት ይመስለኛል።

ተነሣሁ። አልደነስኩም፣ መደነስ አልችልም። ከበሩ እስከ መስኮቱ ሄድኩ፣ በየቀኑ ሱቅ እንደምሄደው። ሦስተኛው እርምጃዬ ላይ አኮርዲዮኑ ከሥሬ ገባ። ልክ ነው፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። መስኮቱ ጋ ደርሼ ስዞር ልጆቹ እግሬን አፍጥጠው ያያሉ። ፊቴ ጋለ።

«ዓይናችሁን ከእግሯ ላይ አንሡ!» አሉ ሽማግሌው። «ትከሻዋን እዩ፣ አንገቷን። ዘንበል ካለች በኋላ ምን እንደምታደርግ እዩ።»

አንደኛው ግድግዳ ሙሉ መስታወት ነው። እኔም አየሁ። ሰውነቴ በቀኝ ይወርድና፣ ከዚያ ከወረደው በላይ ይነሣል፤ አንገቴ ይመዘዛል፣ ደረቴ ይከፈታል። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘንበሉን ብቻ ነበር የማውቀው።

«እንደገና» አለች አሠልጣኟ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ። ዳሌዬ አሁን ይጠዘጥዘኛል። ይጠዝጥዘው።

እሑድ፣ 15

ትላንት ሆነ። ጠዋት ነው፤ ልጄ ገና አልነቃችም፣ ወንድሜ ሶፋው ላይ ያንኮራፋል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፤ መነጽሬን ግን ቦርሳዬ ውስጥ ትቼዋለሁ፣ መነጽር ሠሪዋ! ስለዚህ በቃሌ ተናገርኩ። የመርፌውን ታሪክ ነገርኳቸው፤ እኔም ሳላውቀው የእማዬን መልስ አስረዘምኩት። የልብስ ቅርጫቱን ስነግራቸው ወንድሜ አንገቱን ቀበረ። በሁለት ዘፈን መሀል እየሮጠች መጥታ ልጆቿን የምታይ እናት እንደነበረች፣ ግማሽ ፊቷን ተኳኩላ ምሳ እንዳበላችን ነገርኳቸው። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍኩና፣ «ቀጥሎ የምታዩትን ዳንስ እናቴ ለኔ ነበር የሠራችው። በዘጠኝ ዓመቴ ስላልገባኝ አቋርጬ ወጣሁ። ዛሬ እስከ መጨረሻው አየዋለሁ» ብዬ ወረድኩ።

ሰባቱ ወጡ። ልጄ መሀል ላይ ነበረች። ሲራመዱ ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። ዞር አልኩ። የማላውቃቸው አሮጊት ናቸው፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ፤ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲራመድ እንደሚያይ ሰው። ያኔም እንዲህ ያለ ሳቅ ነበር ይሆናል። አላውቅም። ዞሬ አላየሁም ነበር።

ሲያልቅ ከሁሉ ቀድሜ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ልጄ እየሮጠች ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና፣ «ልክ ነበርኩ?» አለችኝ። ልክ ነበርሽ አልኳት። ይህን የምፈርደው እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን ያውቃል!

ማክሰኞ፣ 17

አሠልጣኟ ሱቄ መጣች። ዳንሱ በቋሚነት ሊሠራ ነው፤ አዳዲስ ልጆችም ይገባሉ። በሳምንት አንድ ቀን መጥተሽ ታስተምሪልን ወይ አለችኝ። ላስብበት አልኳት። በሩን ሳትደርስ ጠራኋትና እሺ አልኩ።

«ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዝግ ነው» ብዬ ጽፌ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። ያቺ ባለ ክብ ፊት ደንበኛዬ ፍሬሟን ልታስጠብቅ መጥታ አነበበችው።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ዳንስ ላስተምር» አልኳት።

መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አድርጋ አየችኝ።